ስለ ሰው ሠራሽ የጠመንጃ ሰደፍና በባለቤቱ እጅ ስለ መታደሱ

ጠመንጃ ሁለት አካል አለው። አንደኛው ጥይቱን የሚተኩሰው ብረት ነው፤ ሁለተኛው ብረቱን ተሸክሞ ከተኳሹ ትከሻ፥ ከጉንጩና ከመዳፉ ጋር የሚያገናኘው ሰደፍ ነው። የጦር መሣሪያ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መጀመሪያው ብዙ ጽፈዋል፤ ለሁለተኛው የሰጡት ስፍራ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የሕዝብን ልማድ ለሚያጠና ሰው ከብረቱ ይልቅ ሰደፉ ብዙ ይናገራል። ብረቱን ባለቤቱ ፋብሪካው እንደ ሠራው ያኖረዋል፤ ሰደፉን ግን በቁመቱ ልክ ያሳጥረዋል፥ ያስጌጠዋል፥ ሲሰነጠቅም ይጠግነዋል።

ታዲያ ሰደፍ ከእንጨት መሠራቱ ቀርቶ በኬሚካል ፋብሪካ ከተቀመመ ነገር ሲሠራ ይህ ልማድ ምን ሆነ? የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ለመልሱም የምወስደው አብነት ናይሎን 66 የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ነው፤ ስለ አመራረቱ የታወቀው ብዙ ስለ ሆነ፥ ደግሞም በትምህርት ላይ ሳለሁ አንዱ ሲታደስ በዓይኔ ስላየሁ መርጬዋለሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ እንጨቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በፔንሲልቬንያ የነበሩት ጠመንጃ ሠሪዎች ከሜፕል ዛፍ ረጅም ሰደፍ እየጠረቡ በናስ ያስጌጡ ነበር። ከዚያ በኋላ በሜዳማው አገር የሚኖሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከነጋዴ የገዙትን ጠመንጃ በናስ ሚስማር ራስ እያስጌጡ የራሳቸው አደረጉት፤ ሰደፉ በአንገቱ ላይ ሲሰበርም እርጥብ ቆዳ ሰፍተው ያለብሱት ነበር። ቆዳው ሲደርቅ ስለሚኮማተር ስብራቱን አጥብቆ ይይዘዋል። ይህ ብልሃት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የተሰነጠቀ እጀታ በእርጥብ ጠፍር ሲጠፈር ያየ ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል።

ነገር ግን እንጨት ጕድለት አለው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሸበሸባል፥ ይጣመማልም። የተጣመመ ሰደፍ አፈሙዙን በአንድ ወገን ስለሚጫነው፥ ትናንት ከዒላማው መካከል ያረፈው ጥይት ዛሬ ወደ ጎን ይሄዳል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር በ1966 ኤም 40 የተባለውን የዒላማ ጠመንጃ በእንጨት ሰደፍ ተቀብሎ ወደ ቬትናም በወሰደው ጊዜ፥ የአገሩ እርጥበት ሰደፉን እያጣመመ አስቸገረው። ስለዚህም በ1970ዎቹ በተሻሻለው ዓይነት ላይ ሰደፉ ከፋይበርግላስ ተሠራ።

ሰው ሠራሽ ሰደፍ ግን ከዚህ በፊት ተጀምሮ ነበር። ሊዮ ቤክላንድ በ1907 ባክላይት የተባለውን ነገር ከፈጠረ ወዲህ ለትንንሽ የመሣሪያ ክፍሎች እንጨትና ቀንድ በእርሱ እየተተኩ ሄዱ። በ1940ዎቹም ቴናይት የሚባል፥ ከዕፅዋት ጭረት ተለውጦ የተሠራ ፕላስቲክ፥ ለአንዳንድ ርካሽ ጠመንጃዎች ሰደፍ ሆነ፤ ይሁን እንጂ ቴናይት ዕድሜው በገፋ ቍጥር ይሸበሸባል፥ ይጣመማልም። እንጨቱን የተዉት እንዳይጣመም ብለው ሲሆን ምትኩም ያው ሆነ ማለት ነው።

የናይሎን ታሪክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዋላስ ካሮዘርስ በዱ ፖን ኩባንያ ውስጥ ናይሎንን የሠራው በ1935 ነው። ሁለቱ መሥራች ቅመሞች እያንዳንዳቸው ስድስት የካርቦን አቶም ስላላቸው ስሙ በ66 ቍጥር ተጠራ። ይኸው ኩባንያ በ1933 ከረሚንግተን የጠመንጃ ፋብሪካ አብዛኛውን ድርሻ ገዝቶ ስለ ነበር፥ ኬሚስቱና ጠመንጃ ሠሪው በአንድ ጌታ ሥር ዋሉ። የጠመንጃው መሐንዲሶች የሚፈልጉትን ጠባይ ዘርዝረው አቀረቡ፤ በማናቸውም ቅርጽ የሚፈስ፥ የማይሰበር፥ የማይፋቅ፥ ሙቀትና ዘይት የማይጐዳው እንዲሆን ጠየቁ። መልሱ ናይሎን ሆነና ጠመንጃው በ1959 ለገበያ ወጣ። ሰደፉ በሁለት ክፋይ ፈስሶ ይጣበቃል፤ መንቀሳቀሻውን የሚይዘውም ክፍል ከሰደፉ ጋር አንድ አካል ሆኖ ከዚያው ከናይሎን ተሠርቷል። ከላይ የሚታየው ብረት ሽፋን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የፋብሪካው ሰው ቶም ፍራይ ወደ ላይ ከተወረወሩ 100,010 የእንጨት ጕማጆች ስድስቱን ብቻ ስቶ ሌሎቹን ሁሉ በዚህ ዓይነት ጠመንጃ መታቸው፤ ይህም መሣሪያው ብዙ እንክብካቤ ሳይፈልግ መሥራቱን ለማስመስከር ነበር።

የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ሰው ግን ሁለት ነገር ልብ ይላል። አንደኛው፥ አዲሱ ሰደፍ የአሮጌውን የእጅ ሥራ መልክ መውሰዱ ነው። እጅ እንዳይሟልጭ ጠራቢው በመሮ ይቀርጸው የነበረው የመረብ መስመር አሁን በማፍሰሻው ላይ ተቀርጾ አብሮ ይወጣል፤ ጠራቢው ይለጥፈው የነበረው የአልማዝ ቅርጽ ጌጥም በነጭ ፕላስቲክ ተተካ። ሁለተኛው ስለ ቀለሙ ነው። ቡናማው ሞሃውክ፥ ጥቁሩ አፓቼ፥ አረንጓዴው ሴኔካ ተባሉ። እነዚህ ሦስቱ የነባር ሕዝቦች ስሞች ናቸው። ቀድሞ የነባሩ ሕዝብ ሰው የነጋዴውን ሰደፍ በሚስማርና በቆዳ የራሱ ያደርገው ነበር፤ አሁን ፋብሪካው የሕዝቡን ስም ወስዶ ለሰደፉ ቀለም ሰጠ። የናስ ሚስማሩ ቀርቶ ስሙ ብቻ ቀረ።

የማያረጅ የተባለውም አረጀ። ናይሎን ለፀሐይ ብርሃን ሲጋለጥ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ፊቱ ይፈዛል፥ ይቧጨራልም። ጠመንጃው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራው ቆመ። በ2020 የረሚንግተን ኩባንያ በኪሳራ ተከፋፍሎ ተሸጠ። እንግዲህ የተጐዳ ሰደፍ ያለው ሰው ከአሮጌ ጠመንጃ የወጣ መለዋወጫ ካላገኘ በቀር ተስፋው የራሱ እጅ ብቻ ነው። ባለቤቱን ከሥራ ያሳርፋል የተባለው ዕቃ እንደ ገና በባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ።

በአሜሪካ ስማር በጎረቤቴ የነበሩ አንድ ጡረተኛ የብረታ ብረት ሠራተኛ ከአባታቸው የወረሱትን ቡናማ ናይሎን 66 ሲያድሱ ከአጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። በመጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን በጐረሮውም፥ በሰደፉ ውስጥ በተሰወረው ቱቦም ሁለት ጊዜ መረመሩ። ብረቱን ፈትተው ለዩ፤ ሰደፉን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በለስላሳ ብሩሽ አጠቡና እስኪደርቅ አቆዩት። በጭረቱ ዳር የተነሣውን ጫፍ በስለታም ምላጭ ላጩት፤ ከዚያ በኋላ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራሱ ከሻካራው ወደ ደቃቁ እየተሸጋገሩ ፈተጉት፥ በጨርቅም ወለወሉት።

ሥራው የእንጨት ሥራ ይመስላል፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። እንጨት ኮላ ይቀበላል፥ ናይሎን ግን ማጣበቂያን በቀላሉ አይዝም። ቀለም ቢቀቡትም ፊቱ ካልሻከረና ተስማሚ የሥር ቀለም ካልተቀባ ይላጣል። የተቀረጸው መረብ አንዴ ከተፋቀ እንደ እንጨት በመሮ መልሶ ማውጣት እጅግ ያስቸግራል። ናይሎን ውኃ መምጠጡ ለጠመንጃ ጕድለቱ ነው፤ ነገር ግን በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ለናይሎን ጨርቅ የሚሆን ማቅለሚያ በሙቅ ውኃ ውስጥ ወደ አካሉ ይገባል። ይሁን እንጂ የጠቈረውን መልሶ ማንጣት አይቻልምና ጎረቤቴ ይህን አልወደዱም። መንቀሳቀሻውን የሚይዘው ክፍል ቢሰነጠቅ ደግሞ ሰደፉ በቤት ውስጥ የሚጠገን አይደለም፤ ስንጥቁ የሚነካው የተኳሹን ደኅንነት ነውና ጌጥን እንደ ማደስ አይቈጠርም።

በፋይበርግላስ ሰደፍ የሚሠሩ ሰዎች ሥልጣናቸው ሰፊ ነው። የጐደለውን በኤፖክሲ ይሞላሉ፥ በሞረድ ያስተካክላሉ፥ በፈለጉት ቀለም ይቀባሉ፤ ብናኙ ለሳንባ ክፉ ስለ ሆነ ግን አፍንጫቸውን ሸፍነው ይሠራሉ። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለውን ርቀት በተኳሹ ክንድ ልክ ያሳጥራሉ ወይም ያስረዝማሉ፤ ጉንጭ የሚያርፍበትንም በቆዳ ከፍ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ጠራቢው ለእንጨት ሰደፍ ያደርገው ከነበረው በዓላማ አይለይም። ቅመሙ ተለወጠ እንጂ መሣሪያን ከገላ ጋር የማስማማት ልማድ አልተለወጠም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። በሰደፉ ግራ ጎን አባታቸው በሰንጢ የቈረጧቸው ትንንሽ መስመሮች በተርታ ነበሩ። እርሳቸው ጭረቱን ሲፈትጉ እነዚያንም አብረው ፈተጓቸው፤ ፊቱም እንደ አዲስ ለሰለሰ። ከጨረሱ በኋላ፥ «አባትዎ በመስመሮቹ ምን ይቈጥሩ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን በለሰለሰው ፊት ላይ አኑረው ጥቂት ዝም አሉ። «ያደኑትን ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ ግን ዓመት ነው የሚቈጥረው ትል ነበር» አሉኝ። ስንት እንደ ነበሩ ብጠይቃቸው አላስታወሱም። በቀኝ ጎን ያለውን ሌላ ምልክት ግን ከዚያ በኋላ አልነኩትም።

ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ ማድረግ ቀላል ነው፤ ይልቁንም የሚወቀሰው የሥነ ሕዝብ ተማሪው ነበር። እርሳቸው የአባታቸውን ዕቃ ማክበራቸው ነበር። እኔ ግን ከጠረጴዛው አጠገብ ሁለት ሰዓት ስቀመጥ ማስታወሻ ደብተሬን አላወጣሁም፤ መስመሮቹንም አልቈጠርሁም። ምክንያቱም በልቤ ፕላስቲክ የፋብሪካ ነገር ነው፥ የልማድ ጥናት ግን በእንጨት፥ በቆዳና በሸክላ ላይ ነው የሚል ያልተመረመረ ሐሳብ ነበረኝ። ያው ተርታ መስመር በአሮጌ የእንጨት ሰደፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ገና ሳይነካ እቈጥረውና እሥለው ነበር።

ስለ እድሳት የሚከራከሩ ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው። ሰብሳቢዎቹ ዕቃው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ካልሆነ ዋጋው ይቀንሳል ይላሉ፤ አዳሾቹ ደግሞ የተጐዳ ዕቃ ታድሶ ቢያገለግል ይሻላል ይላሉ። ለታሪክ ተመራማሪ ሁለቱም አይበቁትም። የመጀመሪያው የሚያከብረው የፋብሪካውን ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ የባለቤቱ መስመር ለእርሱ ጕዳት ነው። ሁለተኛው የሚያየው የነገውን አገልግሎት ብቻ ስለ ሆነ፥ መስመሩ ለእርሱ እድፍ ነው። መስመሩን እንደ ጽሑፍ የሚያነበው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም የእኛ ሥራ ነው።

ነገሩ አገራችንንም ይነካል። ጠመንጃ በአገራችን የክብር ዕቃና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቅርስ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ስናድርና ውጅግራ የተባሉትን ስሞች የምናውቃቸው በቤተ መዘክር ብቻ ሳይሆን በቤተ ሰብ ወሬም ነው። የእነዚህ ሁሉ ሰደፍ እንጨት ነበር። ከ1977 ወዲህ ግን የሶቪየት ኅብረት መሣሪያ በብዛት ስለ ገባ፥ እጀታው ከሰው ሠራሽ ነገር የሆነ ክላሽ በብዙ እጅ ይገኛል። በስናድር ሰደፍ ላይ ያለውን የናስ ጌጥ የሚመዘግብ ተመራማሪ በክላሽ እጀታ ላይ የተጠመጠመውን ክርና በጋለ ብረት የተጻፈውን ስም ቢያልፈው፥ እኔ በጎረቤቴ ቤት የሠራሁትን ስሕተት በሰፊው ይደግማል።

ስለዚህ ወደ ገጠር ለሚወጡ ተማሪዎቻችን ይህን አሳስባለሁ። የሰደፉን ቅመም ለይተው ይጻፉ፤ ቀለሙ የፋብሪካ ወይም የባለቤቱ እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ የተጨመረውን፥ የተቈረጠውንና የተጠገነውን በየተራ ያስቀምጡ። ምልክት ካለ ይቍጠሩት፤ ትርጕሙንም ከአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ከቤተ ሰቡ ሁሉ ይጠይቁ፤ ልጅና ሚስት የሚሉት ሊለያይ ይችላልና። ፎቶግራፍ የሚነሣውም ከእድሳቱ በፊት ይሁን።