«ነፃ ነሽ» በምን ማስረጃ? ካንሰር ያልሆኑ የጡት እብጠቶችና የጡት ካንሰር ዝምድና

ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች፣ አዲስ አበባ ኮልፌ ውስጥ የአየር ጤና ወይም የቤቴል ነዋሪ በመንግሥት ተቋም ልታከም ካለች መነሻዋ ጤና ጣቢያ ነው። ሪፈር ተጽፎላት ሆስፒታል ስትደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቃት፣ ሴሎች በቀጭን መርፌ ተስበው በማይክሮስኮፕ የሚታዩበት፣ ባለሙያዎች «ኤፍ.ኤን.ኤ» የሚሉት ምርመራ ነው። ውጤቱ «ካንሰር አይደለም» ከሆነ «ወደፊትስ ይለወጥብኝ ይሆን?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። ሆኖም ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ «አይደለም» የተባለው በምን ማስረጃ ነው?

እሷ ለጠየቀችው ዱፖንትና ፔጅ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ናሽቪል መልስ ሰጥተዋል። እብጠቶቹን በሦስት ለዩአቸው፦ ሴሎቻቸው ያልበዙ፣ የበዙ ግን ቅርጻቸው ያልተዛባ፣ በዝተውም ቅርጻቸው የተዛባ። የአሜሪካው ሜዮ ክሊኒክ 9,087 ሴቶችን ተከታትሎ በ2005 ያወጣው ጥናት ክፍፍሉን አጸና። ከጠቅላላው ሕዝብ አንጻር በካንሰር የመያዝ ሥጋት በመጀመሪያው ክፍል 1.27፣ በሁለተኛው 1.88፣ በሦስተኛው 4.24 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ክፍል ያሉት፣ በቤተሰባቸው ጠንከር ያለ የጡት ካንሰር ታሪክ ከሌለ፣ ሥጋታቸው አልጨመረም። ወጣቶች ላይ የሚበዛው፣ ፋይብሮአዴኖማ የተባለው ተራ እብጠትም የቤተሰብ ታሪክ በሌለበት የሚያስፈራ አይደለም።

ሦስተኛው ክፍል ግን ይለያል። የቅርጽ መዛባት ከታየ በኋላ ባሉት 10 ዓመታት ካንሰሩ ናሙና ወደተወሰደበት ጡት ያዘነብላል፤ በሌላኛው ጡት የሚወጣውም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ መዛባቱ አንዳንዴ የካንሰሩ ቀዳሚ ደረጃ፣ አንዳንዴም የሁለቱም ጡቶች ተጋላጭነት ምልክት ነው ማለት ያስኬዳል።

ችግሩ ይህ ሁሉ የተለካው በባዮፕሲ በተወሰደ ሥጋ ላይ መሆኑ ነው። ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ሦስቱን ክፍሎች የሚለየው የሴሎቹን አደራደር አይቶ ሲሆን፣ ቀጭኑ መርፌ ደግሞ አደራደሩን በትኖ ያመጣል። መዛባቱ ራሱ ብዙ ጊዜ በእጅ አይዳሰስም፤ በማሞግራፊ የካልሲየም ነጠብጣብ ተከትለው ነው የሚደርሱበት። እኛ ዘንድ አብዛኞቹ ሴቶች የሚመጡት በእጃቸው የነኩትን እብጠት ይዘው ነው። የሜዮ ተመራማሪዎች የተከታተሏቸው በአብዛኛው ነጮች መሆናቸውም ይታሰብ። እናም 4.24 የሚለውን ቁጥር አንስቶ ለኮልፌ ሴት መንገር ለእኔ ሳይንስ አይመስለኝም።

ለእሷ የቅርቡ አደጋ የሳተ መርፌ ነው። ካንሰሩ ዳር የተወጋ እብጠት «ካንሰር አይደለም» የሚል ወረቀት ሊያሰጥ ይችላል፤ ሴትዮዋም «ነፃ ነሽ ተብያለሁ» ብላ እብጠቱ ሲያድግ እንኳ ላትመለስ ትችላለች። ዕድሜዋን አይቶ መዘናጋትም አያዋጣም፤ ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በጡት ካንሰር በታከሙ ከአንድ ሺህ በላይ ሴቶች ላይ በተሠራ ጥናት መካከለኛው ዕድሜ 43 ዓመት ነበር።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይሠራል። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ባክቴሪያ ጡት ውስጥ ሲገባ እብጠቱ ካንሰር ይመስላል፤ የሚድነው ግን በቲቢ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ የመርፌው ውጤት ብቻውን መዝጊያ አይሁን። የሐኪሙ ዳሰሳ፣ አልትራሳውንዱና መርፌው ሦስቱም ከተስማሙ፣ ከወረቀቱ ጋር የድጋሚ ምርመራ ቀን ይሰጣት። አንዱ እንኳ ከሌሎቹ ከተለየ በወፍራም መርፌ ባዮፕሲ ይወሰድ፤ በሪፖርቱም ላይ «ካንሰር አይደለም» ከማለት አልፎ ከሦስቱ የትኛው ክፍል እንደሆነ ይጻፍ።