ሳፋሪ ራሊን ከውስጥ ለማየት

ናይሮቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የሳፋሪ ራሊ የመኪና ውድድር ሰሞን የጥያቄ ሰሞን ነው። መኪና የሚወዱ የሠፈራችን ልጆችም ሆኑ ከአዲስ አበባ የሚደውሉ ዘመዶች የሚጠይቁኝ ያው ነው፤ «መካኒኮቹ ያሉበት ድረስ የሚያስገባ ፓስ ከየት ይገኛል? ማንን እናናግር?» ይላሉ። እኔም ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው። ኬንያ ውስጥ ራሊውን ከውስጥ ለማየት የሚፈልግ ሰው አስተማማኙ መንገድ እጁን ለሥራ መስጠት ነው። ለምን እንዲህ እንደምል የሚገባው ውድድሩ በዚህ አገር ሥር የሰደደበትን ታሪክ ለሚያውቅ ነው።

ሳፋሪ የተወለደው በቅኝ ግዛት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የዘውድ በዓል ሲከበር፣ በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩ እንግሊዛውያን ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ታንጋኒካን የሚያካልል የመኪና ውድድር አዘጋጁ። እንዲህ ያለ የሰፋሪዎች ድግስ ከቅኝ ገዢዎቹ ባንዲራ ጋር አብሮ ሊወርድ ይችል ነበር፤ ግን አልወረደም። ኬንያ ነጻ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1963 ዝናቡና ጭቃው ከባድ ስለነበር ውድድሩን የጨረሱት ሰባት መኪኖች ብቻ ነበሩ። በ1968ም እንደገና ሰባት ብቻ ቀሩ። በሁለቱም ጊዜ ያሸነፈችው እኛም አገር በደንብ የምትታወቀው ፔጆ 404 ነበረች።

ውድድሩን ኬንያዊ ያደረጉት የአገሩ ልጆች ናቸው። ጆጊንደር ሲንግ በኬሪቾ ከሲክ ቤተሰብ የተወለደ መካኒክ ነበር። በ1965 ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ቀድሞ ሌላ ሰው ይነዳት በነበረች ቮልቮ አሸነፈ፤ በ1974 እና በ1976ም በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመው። ሼካር ሜህታ ደግሞ ኢዲ አሚን እስያውያንን ሲያባርር ከዩጋንዳ ወደ ኬንያ የመጣ ስደተኛ ነበር። በ1973 አሸነፈ፤ ከ1979 እስከ 1982 ደግሞ አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ወሰደ። በስደት የመጣ ሰው ባረፈበት አገር የሕዝብ ጀግና ሊሆን እንደሚችል ሳስብ፣ የሜህታ ታሪክ ለእኔ ከስፖርትም በላይ ነው።

የቀድሞው ሳፋሪ ለተመልካች አጥር አልነበረውም። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው መንገድ ለሌላ ትራፊክም ክፍት ነበር፤ መኪኖቹ በገበያና በትምህርት ቤት ደጃፍ ያልፉ ነበር። ከብት ወይም ጭነት መኪና መንገዱ ላይ ካለ ከላይ የሚበር ሄሊኮፕተር ያስጠነቅቅ ነበር። ገበሬው ከማሳው ዳር፣ ተማሪው ከክፍሉ ወጥቶ ያይ ነበር። ሕዝቡ ውድድሩን የራሱ ያደረገው በትኬት ሳይሆን በደጃፉ ስላለፈ ነው።

ከ2002 በኋላ ሳፋሪ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። ኬንያውያን ግን አልተዉትም፤ በአፍሪካ ሻምፒዮናና በአገር ውስጥ ውድድሮች አቆዩት። በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በናይሮቢው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ባንዲራ አውለብልበው አስጀመሩት። በቀጣዩ ዓመት ማክሲን ዋሆሜ የተባለች ወጣት ኬንያዊት በሦስተኛው ምድብ አሸነፈች። በእኔ እምነት ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው ሳፋሪ ከዓለም ሻምፒዮና በራቀባቸው ዓመታት ሰዓት የሚይዝ፣ መንገድ የሚዘጋ፣ ሬዲዮ የሚያነጋግር ሰው ከትንንሾቹ ውድድሮች ስላልጠፋ ነው።

ዛሬ የራሊው ልብ ያለው ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ነው። ሰርቪስ ፓርክ የሚባለው ቅጥር ግቢ እዚያ ይተከላል። ቶዮታ፣ ሀዩንዳይና ፎርድ ድንኳናቸውን ይዘረጋሉ፤ መኪኖቹ ኬዶንግን፣ ሶይሳምቡንና «ተኝቶ ያለው ጦረኛ» የተባለውን ተራራ አካባቢ ጨርሰው አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። ፌሽ ፌሽ የሚሉት እንደ ዱቄት የላመ አፈር የማይገባበት የለም። ውኃ ሲሻገሩ ሞተሩ እንዳይጠጣ አየር የሚስበው ቱቦ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይገጠማል። ለጥገና የሚሰጠው ጊዜ በደቂቃ የተቆጠረ ነው። መኪናው ወደ ሰዓት መቆጣጠሪያው አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ከደረሰ 10 ሴኮንድ ይቀጣል፤ ራሊ ደግሞ በሴኮንዶች የሚሸነፉበት ስፖርት ነው። ስለዚህ መካኒኮቹ አይጯጯሁም፤ እያንዳንዱ የራሱን ብሎን ያውቃል።

ይህን በቅርብ ለማየት መንገዱ ብዙ ነው። ተመልካች በተፈቀደለት ቦታ ከገመዱ ውጭ ቆሞ ያያል። የቡድን ወይም የስፖንሰር እንግዳ በግብዣ ይገባል። ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺ የሠራውን ሥራ አሳይቶ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ፎቶ አንሺው ቁጥር ያለው ሰደርያ ይለብሳል። አሜሪካ ውስጥ በናስካር ውድድሮች «ኮልድ ፓስ» እና «ሆት ፓስ» የሚባሉ አሉ፤ የመጀመሪያው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ብቻ ጋራዡን ያሳያል፣ ሁለተኛው ውድድሩ እየተካሄደም ያስገባል። በሆት ፓስ ለሚገባም ረጅም ሱሪና የተሸፈነ ጫማ ግድ ነው፤ ፓስ አደጋን አይከለክልምና።

እኔ የገባሁት በማርሻልነት፣ ማለትም የውድድሩን መንገድ ከሚጠብቁት አንዱ ሆኜ ነው። የጀመርኩት ብዙ ሰው በማያውቃቸው የክለብ ውድድሮች ላይ ነበር። ሥልጠናው ባንዲራ አያያዝን፣ የሬዲዮ ንግግርን፣ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ያስተምራል። ከዚያ አንድ መስቀለኛ መንገድ ይሰጥሃል። ጎህ ሳይቀድ ትደርሳለህ፣ መንገዱን ትዘጋለህ፣ ከብቶቹን የሚያሻግረውን እረኛ በትሕትና ታስረዳለህ። ዜሮ የሚል ቁጥር የለጠፉት የአዘጋጆቹ መኪኖች አልፈው መንገዱ መጽዳቱን ያረጋግጣሉ። ተወዳዳሪው ሲመጣ ገና ከሩቅ አቧራው ይታያል፤ አጠገብህ የሚቆየው ለዓይን ጥቅሻ ነው። መኪና ቢገለበጥ ነጂው «ኦኬ» የሚለውን ሰሌዳ እስኪያሳይ ድረስ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። አብረውኝ የሚቆሙ አንድ አዛውንት ኬንያዊ አሉ፤ ሁላችንም በስዋሂሊ «ምዜ» (አዛውንት) እንላቸዋለን። ልጅ ሆነው የቀድሞውን ሳፋሪ በመንደራቸው ዳር ቆመው ያዩ ናቸው። ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር ጀርባን ወደ መንገዱ አለማዞር ነው፤ የዚህን ስፖርት ክብርም ያየሁት እዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ተመልካቹ በሰላም ቤቱ የሚገባው ስማቸው በማይጠራ ማርሻሎች ትጋት ነው።

«ጋሼ፣ ያለ ዘመድ ይሆናል?» ብሎ የጠየቀኝ ወጣት ነበር። ይሆናል። ናይሮቢ ያላችሁ ልጆች፣ የዓለም ሻምፒዮናው እስኪመጣ አትጠብቁ። በዓመቱ ውስጥ በሚካሄዱት የአገር ውስጥ ውድድሮች ተመዝግቡ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ተማሩ፣ ስዋሂሊያችሁን አሻሽሉ፣ በሰዓታችሁ ተገኙ። ስማችሁ በዝርዝሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ፓሱ ራሱ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ የሞተር ስፖርት እንዲያድግ ለምትመኙም አደራ አለኝ፤ ፈጣን መኪና ከመግዛታችሁ በፊት መስቀለኛ መንገድ ላይ በኃላፊነት የሚቆም ሰው አሠልጥኑ። ኬንያ ሳፋሪዋን ያቆየችው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው።