ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የእናት ወተት ማለብ

ከ34ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማቀናጀት ያዳግተዋል። ስለዚህ የእናቱ ወተት ታልቦ በአፍንጫ ወይም በአፍ በገባ ቀጭን ቱቦ፣ ሲጠነክርም በስኒ ይሰጠዋል።

በአማራ ክልል ገጠሮች ለአራስ ሕፃን ከጡት አስቀድሞ ቅቤ ማቅመስና እንገሩን አልቦ መድፋት የቆየ ልማድ ነው። እንገር ግን በሽታ ተከላካይ ስለሆነ የጤና ባለሙያዎች ጠብታው እንኳ እንዳይባክን ይመክራሉ።

በውጭው ዓለም አሜሪካዊው ኦርዌል ኒድሃም የወተት መሳቢያ ፓምፕ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1854 እ.ኤ.አ. ነበር። ስዊድናዊው መሐንዲስ አይናር ኤግኔል ደግሞ በ1956 እ.ኤ.አ. ጡት የማይጎዳ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አቀረበ።

በኢትዮጵያ ዋናው መንገድ በእጅ ማለብ ነው። እናት እጇን ታጥባ ጡቷን በቀስታ ታሻለች፤ አውራ ጣቷን ከጡቱ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክብ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች አድርጋ ወደ ደረቷ ገፋ እያደረገች ትጨምቃለች። ወተቱ እንዳይቀንስ ይህ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ቢያንስ ስምንት ጊዜ ይደረጋል። መብራት ስለማይፈልግ ከአዘናና ከመሰል የአዊ ዞን ከተሞች ወደ ሆስፒታል ለተላከች እናትም ይመቻል።

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከወተቱ ጎን ለጎን ሙቀትም ያስፈልጋቸዋል፤ ለዚህም የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ገላ ለገላ አቅፎ የማሞቅን፣ ማለትም የካንጋሮ እንክብካቤን፣ ጀመረ። በዚያው ሆስፒታል በ123 ሕፃናት ላይ የተደረገ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዘዴው ሞትን እንደሚቀንስ አሳየ። ቆይቶም የአማራ ክልልን ጨምሮ በአራት ክልሎች የማስፋፋት ሥራ ተሠራ።