ከውጫሌ እስከ እምኩሉ

ግሸን አምባ ባለችበት በአምባሰል ምድር፣ ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ታውቁታላችሁ። በመካከል የቆሙት አስተርጓሚ ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ነበሩ። በአንቀጽ 17 አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ተንኰል ነው ወይስ ስሕተት? ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፤ ጦሱ ግን ዓድዋ ድረስ አደረሰን።

ታዲያ ለአስተርጓሚነት የሚሠለጥን ተማሪ በምን ይመዘን? ብዙዎቻችን የባዕዱን ቋንቋ ማወቁን ብቻ እንጠይቃለን። የሙያው ትምህርት ቤቶች ግን የአፍ መፍቻውንም አጥብቀው ይፈትናሉ፤ የጥቂት ደቂቃ ንግግር አሰምተው፣ ማስታወሻ ሳይዝ ሐሳቡን መልሶ እንዲናገር ያዙታል። እኔ ፈታኝ ብሆን፣ አንድ ቃል ቢጠፋው አልፈዋለሁ፤ «ይቻላል»ን «ይገባል» ካለ ግን አላሳልፈውም።

ኦኔሲሞስ ነሲብ እንዲህ ያለ ዓይን ነበራቸው። አስቴር ጋኖ በ1886 እ.ኤ.አ. ከባርነት ነፃ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። እርሳቸው የቋንቋ ስጦታዋን አስተዋሉና የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራ ሰጧት። ልብ በሉ፣ የመዘኗት በገዛ ቋንቋዋ ነው! ከምታስታውሰው ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን 500 ያህል ጻፈች። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእርሷም ድካም አለበት።