ቁንጥር ጨው፣ እፍኝ ስኳር፣ ግማሽ ሴር ውኃ

ባለሙያ ወጥ ሠሪን «ጨው ምን ያህል ልጨምር?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ የታወቀ ነው፤ «ቁንጥር ታህል ጣል አድርግ» ትለዋለች። ሽሮው በእፍኝ፣ ቅቤው በማንኪያ፣ ውኃው በጣሳ ይሰፈራል። ጠጅ ሲጣልም ማሩ «አንድ እጅ»፣ ውኃው «ሦስት እጅ» ወይም «አራት እጅ» ነው። አማርኛችን ክፍልፋይን በእጅ ይቆጥራል፤ «ከሦስት ሁለት እጁ» ስንል የሒሳብ መምህሩ ሁለት ሦስተኛ የሚለውን ማለታችን ነው። ሲሶና እርቦም ከጥቁር ሰሌዳ በፊት በአውድማና በማጀት ሲሠራባቸው የኖሩ ቃላት ናቸው።

የተማረ የሚባለው ክፍል ይህን አሰፋፈር ብዙ ጊዜ እንደ ግምት ሥራ አድርጎ ያየዋል። እርግጥ ነው፣ ወጥ ላይ ጨው ቢበዛ ጉዳቱ ከምሳ አያልፍም። ነገር ግን ከቅርብ ዓሠርት ዓመታት ወዲህ ቁንጥርና እፍኝ የሕፃናት ነፍስ የተንጠለጠለባቸው መለኪያዎች የሆኑበት አገር አለ። ያ አገር ባንግላዴሽ ነው። ታሪኩ እጅ መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደማይታመን ስለሚያስተምር ለእኛም ማጀት ይበጃል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተቅማጥ፣ በተለይም ኮሌራ፣ የሚገድለው ከሰውነት ውኃና ጨው ጠርጎ በማውጣት ነው። ውኃ ብቻ መጠጣት የወጣውን አይተካም፤ ጨው ብቻ ቢጨመርበትም የታመመው አንጀት እንደሚፈለገው አይቀበለውም። በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ አሜሪካዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ በፕራግ በተደረገ ጉባኤ ላይ አንድ ቁልፍ ነገር አስረዳ። የስኳር ዓይነት የሆነው ግሉኮስና በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የትንሹን አንጀት ግድግዳ የሚያልፉት ተጣምረው ነው። በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች መሆናቸው ነው፤ ሁለቱ ባለፉበት ውኃው ይከተላቸዋል።

ባንግላዴሽ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል በነበረበት በ1968፣ በዳካው የኮሌራ ምርምር ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ወጣት ሐኪሞች ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ ይህን ዕውቀት በሕሙማን ላይ ፈተኑት። በልክ የተበጠበጠ የስኳርና የጨው ውኃ በአፍ ሲሰጥ በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ እጅግ እንደሚቀንስ አሳዩ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጦርነት መጣ። በ1971 ለነጻነት በተደረገው ጦርነት ወደ ዐሥር ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሕንድ ተሰደደ። በቦንጋዎን በነበረው የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ገባ፤ በደም ሥር የሚሰጠውም ፈሳሽ አለቀ። ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ የነበራቸው ምርጫ አንድ ነበር። ለእያንዳንዱ ሊትር ውኃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ሶዳ እየተመዘነ እንዲበጠበጥ አደረጉ፤ አስታማሚ እናቶችና ዘመዶችም እየቀዱ ያጠጡ ጀመር። ቀድሞ ወደ 30 በመቶ ይደርስ የነበረው የሞት መጠን በዚህ መንገድ በታከሙት ዘንድ 3.6 በመቶ ሆነ። በ1978 ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ግኝቱን ከምዕተ ዓመቱ የሕክምና እመርታዎች ሁሉ በላይ ሊሆን የሚችል ነው ሲል ጻፈለት።

ይሁን እንጂ ግራም በሚዛን የሚለካ ነገር ነው፤ የገጠር ጎጆ ደግሞ ሚዛን የለውም። የታሸገው ዱቄትም ወንዝና ጎርፍ በሚከፋፍላቸው በሺህ የሚቆጠሩ መንደሮች የሚዳረስ አልነበረም። በ1972 በፋዝሌ ሐሰን አቤድ የተመሠረተው ብራክ የተሰኘ ድርጅት ጥያቄውን ገለበጠው፤ ዱቄቱ ወደ እናቲቱ ካልደረሰ፣ እናቲቱ ቤት ካለው ነገር ለምን አትሠራውም? ጨው በየቤቱ አለ። «ጉር» የሚሉት ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳርም አለ። ቀመሩም እንዲህ ሆነ፤ በሦስት ጣት የሚቆነጠር፣ የሌባ ጣትን የመጀመሪያ አንጓ የማያልፍ ጨው፤ በአራት ጣት የሚታፈስ አንድ እፍኝ ጉር፤ ግማሽ ሴር ውኃ። ግማሽ ሴር ከግማሽ ሊትር ጥቂት ያንሳል።

እዚህ ላይ ነው የታሪኩ ቁም ነገር። ቁንጥር ስንት ነው? የማን እጅ? ጨው ሲበዛ በደም ውስጥ ተከማችቶ የሕፃኑን አንጎል ይጎዳል፤ ስኳር ሲበዛ ተቅማጡን ያብሰዋል፤ ሁለቱም ሲያንሱ መድኃኒቱ ተራ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ ብራክ እጅን እንዲሁ አላመነም፤ አሠለጠነው፤ ፈተነውም። ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ሴት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ እያንዳንዷን እናት ፊት ለፊት አስተማሩ፤ አሳይተዋትም አልሄዱም፣ ራሷ እንድትሠራው አደረጉ። ውኃው የሚደርስበትን ልክ በራሷ ዕቃ ላይ ምልክት አደረጉላት። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ከእናቶቹ ጥቂቱን በዕጣ እየመረጠ ይጠይቃል፤ የበጠበጡትም ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል። የሠራተኛዋ ደመወዝ የሚወሰነው ባስተማረቻቸው ሰዎች ብዛት ሳይሆን እናቶቹ ባስታወሱት መጠን ነበር።

ያም ሆኖ ሥራው ቀላል አልነበረም። ብዙ እናቶች ቀመሩን በቃላቸው እያወቁት አይጠቀሙበትም ነበር። ምክንያቱ ሲጣራ ከሠራተኞቹ መካከል ራሳቸው የማያምኑበት እንደነበሩ ታወቀ፤ በየቤቱ ገንዘብ የሚያዘው ባልም ነገሩን አልሰማም። ሠራተኞቹ የመድኃኒቱን አሠራር እንደገና እንዲረዱ ተደረገ፤ ከወንዶችም ጋር ስብሰባ ተጀመረ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ትምህርቱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦችን አዳረሰ። ዛሬ ባንግላዴሽ ይህን ሕክምና በስፋት ከሚጠቀሙት አገሮች ተርታ ትቆጠራለች።

ወደ እኛ ማጀት እንመለስ። ዛሬ ኦ አር ኤስ በጤና ኬላና በመድኃኒት ቤት አለ፤ ካለ የሚመረጠው እርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2004 ጀምሮ ለሕፃናት ዚንክ አብሮ እንዲሰጥ ይመክራሉ። እሽጉ ባልተገኘበት ሰዓት ግን የታወቀው የቤት ልክ፣ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ማንኪያው ሳይቆለል። ሊትር መለኪያ የሌለው ሰው 33 ሳንቲ ሊትር የሚይዝ የቢራ ጠርሙስ አያጣም፤ አንዱ ጠርሙስ የሊትር ሲሶ ነውና ሦስቱ ሊትር ይሞላሉ።

ክፍልፋይ የሚያሳስተው ልኩን መቀነስ ሲያስፈልግ ነው። ግማሽ ሊትር ብቻ የምታዘጋጅ እናት «ግማሽ» የሚለውን ቃል ይዛ ግማሽ ማንኪያ ጨው ብትጨምር፣ ለልጇ የሰጠችው ሁለት እጥፍ ጨው ነው። ትክክሉ ሦስት ማንኪያ ስኳርና ሩብ ማንኪያ ጨው ነው። የታሸገውንም በዓይን እየከፈሉ በብርጭቆ መበጥበጥ አይገባም፤ ጨውና ስኳሩ እኩል ስለመከፈላቸው ማረጋገጫ የለም። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ጡት የሚጠባ ልጅ መጥባቱን ይቀጥላል፤ መጠጣት ያቃተው ወይም የደከመ ልጅ ግን ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ከባንግላዴሽ እናቶች የምንወርሰው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። በቁንጥርና በእፍኝ መለካት የሚያሳፍር ልማድ አይደለም፤ የተማረና የተፈተነ እጅ ከሆነ ነፍስ ያድናል። ሲሶንና እርቦን ለልጆቻችን ስናስተምር ከሰሌዳው ጎን አንድ ጣሳ ውኃና አንድ ማንኪያ ጨው ብናስቀምጥ፣ ሒሳቡም ይገባቸዋል፤ አንድ ቀንም ለታናሽ ወንድማቸው ሊደርሱለት ይችላሉ።