በሲሪንቃና በአካባቢው የሴቶች የኅብረት ስጦታ፤ ከቅሬ እስከ በጎ አድራጎት ማኅበር

ስለ ኢትዮጵያ የመረዳጃ ማኅበራት ሲጻፍ አስቀድመው የሚነሡት ዕቁብና ዕድር ናቸው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳዳት ልማድ ጽሑፍ ካወጡ ወዲህ፣ ስለ መዋጮው፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ መቀጫውና ስለ ገንዘቡ አያያዝ ብዙ ተብሏል። ሴቶች ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጠቀሱት በአብዛኛው ምግብ አዘጋጆች ናቸው ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር ዘርዝሮ ማየት ነው። ምግብ ማዘጋጀት በተባለው ሥራ ውስጥ ምን ያህል ሀብት፣ ምን ያህል ድካምና ምን ዐይነት ሕግ እንዳለ ካልተመረመረ፣ የአገራችን ሴቶች በኅብረት የመስጠት ታሪክ የላቸውም ወደሚል የተሳሳተ ፍርድ ያደርሳልና።

ለነገሩ መነሻ ያደረግነው ስፍራ ሲሪንቃ ነው። ሲሪንቃ በሐብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል ትገኛለች። ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታም 1850 ሜትር ያህል ነው። ስሟ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ሲሆን፣ ወረዳው በቀድሞው አከፋፈል የየጁ አውራጃ ክፍል ነበር። እንደ ሌላው የወሎ አገር ሁሉ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ፣ ብዙ ጊዜም ተዋልዶ የሚኖርበት ስፍራ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ከዚህ በታች ለምንናገረው ዋና ምክንያት ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

በሸዋ ዕድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ይባላል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ግን ያስቸግራል። በገንዘብ መዋጮ የቆመው ዕድር በከተማ፣ ይልቁንም በአዲስ አበባ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተነሣና ከጣልያን ወረራ በኋላ የተስፋፋ እንደ ሆነ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። የባላገሩ ቅሬ ግን ሥሩ ጉርብትና ነው። ሰው ሲሞት ጥሪ ይደረጋል፤ ወንዶች መቃብር ይቆፍራሉ፤ ቃሬዛ ይሸከማሉ፤ የቀረ ሰው በቅሬው ዳኛ ፊት ቀርቦ መቀጫ ይከፍላል። ሴቶች ደግሞ ውኃ ይቀዳሉ፤ እንጨት ያመጣሉ፤ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ቡና ያፈላሉ፤ ኀዘንተኛዋን ብቻዋን እንዳትሆን ከበው ያድራሉ። የወንዶቹ ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል። የሴቶቹ ግን ለቀስተኛ እስኪቀር ድረስ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ክርስቲያኑ የእስላም ዕርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን ዕርድ እንደማይበላ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቅሬ ሲተሳሰሩ ሥጋ ያለበት ማዕድ ይለያል። ማረድ የወንድ ሥራ ነውና፣ በኀዘን ቤት የሚለያየው ማዕድ ከወንዱ እጅ የሚወጣው ነው ማለት ይቻላል። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ንፍሮው፣ ቡናው ግን ድንበር የለውም። የከድጃ እንጀራ ለወለተ ማርያም ለቀስተኛ ይቀርባል፤ የወለተ ማርያምም ንፍሮ በከድጃ ቤት ይታፈሳል። የወሎ ሕዝብ ተቻችሎ ስለ መኖሩ ብዙ ውዳሴ ተጽፏል፤ ውዳሴውም አይከፋም፤ ነገር ግን መቻቻሉ በየዕለቱ የሚሠራው በምን መሣሪያ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው፣ ከሽማግሌዎች ቃል በፊት የሴቶችን ሞሰብ ቢመለከት መልካም ነው።

ይህ የቅሬ ስጦታ ዋጋው ስንት ነው? ለምሳሌ ያህል መቶ ቤት ባለው ቅሬ እያንዳንዷ እመቤት አሥር እንጀራ ብቻ ብታመጣ 1000 እንጀራ ይሆናል። ከእንጀራው በስተኋላ ደግሞ ጤፉን ወይም ማሽላውን መልቀም፣ መፍጨት፣ ማቡካት፣ እንጨቱን መልቀምና ውኃውን መሸከም አለ። ወፍጮ ቤት ባልነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ በጉልበት ይከናወን ነበር። በመዝገብ የሚጻፈው ግን የገንዘቡ መዋጮ ነው፤ እሱም በአባወራው ስም ይጻፋል። ሴት በስሟ የምትጻፈው ባሏ ሲሞትባት ወይም ራሷን ችላ ቤት ስትመራ ነው።

የፈረንሳዩ ሊቅ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ድርሰት፣ ስጦታ ሦስት ግዴታዎችን እንደሚያዝል አስተምሯል፤ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። የኛ ሰው ይህን ብድር በምድር በሚል በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። ቅሬ በዚህ ሕግ የሚሠራ ነው፤ የዛሬዋ ሰጪ የነገዋ ተቀባይ ናት። ይሁን እንጂ የወሎ ሴቶች የሚያውቁት ሕግ ይህ ብቻ አይደለም። ክርስቲያኖቹ በየወሩ በማርያም ወይም በሌላ ቅዱስ ቀን ጽዋ ሲያነሡ፣ ማኅበርተኞቹ ብቻ በልተው ጠጥተው አይለያዩም፤ በደጅ ለተሰበሰበው ነዳይ ድርሻው ይወጣል። በወሎ ሙስሊም ሴቶች ዘንድም ዱበርቲ የሚባል የጸሎት ጉባኤ አለ። ስሙ ሴት ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ቡና አፍልተው መውለጃዋ ለደረሰ ሴት ዱዓ ያደርጋሉ። ሰደቃውም ብድር የሚመለስበት አይደለም። እንግዲህ ሁለት የስጦታ ሕጎች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ አንዱ ለሚያውቁት ሰው በብድር የሚሰጥ፣ ሁለተኛው ለማያውቁት ሰው ለነፍስ ተብሎ የሚሰጥ። የመጀመሪያው ጽኑ፣ ዳኛና መቀጫ ያለው ነው። ሁለተኛው ግን እንደ ሰጪው ፈቃድ የሚሰፋና የሚጠብ፣ ብዙ ጊዜም ከዕለት ምግብ የማያልፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሁለቱ ሕጎች አንድ ላይ ሳይጋጠሙ ቀሩ፤ ለማያውቁት ሰው የሚሰጠው ስጦታ ዳኛና መዝገብ ያለው ተቋም ሆኖ ከሴቶቹ ከራሳቸው አልወጣም።

ተቋሙ የመጣው ከላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የፋሺስት ጣልያን ጦር በድንበር ላይ በተሰበሰበ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። የበላይ ጠባቂዋ እቴጌ መነን ነበሩ፤ ልዕልት ፀሐይም ማኅበሩን በመምራት ደከሙ። የመኳንንቱ ሚስቶችና በከተማው ይኖሩ የነበሩ የውጭ አገር ሴቶች ተባብረው ለቁስለኞች ፋሻና ልብስ አዘጋጁ። እቴጌ መነን የአምባሰል ተወላጅ እንደ ሆኑ፣ እናታቸውም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ የደሴው ትምህርት ቤት የሚጠራው በኚሁ በወይዘሮ ስሂን ስም ነው። እንግዲህ የማኅበሩ ጠባቂ የወሎ ልጅ ነበሩ፤ የማኅበሩ አሠራር ግን የወሎ አልነበረም። ስጦታው ከባለጸጋ ወደ ድኻ የሚወርድ እንጂ ጎረቤት ከጎረቤት የሚለዋወጠው አልነበረም።

ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርታቸውን ፈጽመው ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1934 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በነቀምቴ ከወሊድ ጋራ በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ሰበሰቡ፤ ሆስፒታሉም እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው እሱ ነው። ለኢትዮጵያውያን እናቶች መታከሚያ የሚሆን ገንዘብ በእንግሊዝ አገር ሲለመን፣ ለአንዲት ኀዘንተኛ ሺሕ እንጀራ የሚጋግሩት የአገር ቤት ሴቶች አልተጠየቁም። ጥፋቱ የማንም አይደለም። ከገንዘብ በቀር ስጦታ የሚቀበልበት መንገድ ተቋሙ አልነበረውም።

ይህ ክፍተት ያስከተለው ዋጋ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ታየ። በወሎ በደረሰው ረኃብ የሞተው ሰው ቁጥር በትንሹ አርባ ሺሕ፣ በትልቁም ሁለት መቶ ሺሕ ተብሎ ተገምቷል። የየጁና የራያ ቆላ ዋናው የመከራ ስፍራ ነበር፤ የተራበው ሕዝብ ከየገጠሩ እየወጣ በደሴና በወልድያ ጎዳና ዳር ተሰበሰበ። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ረኃቡ የደረሰው በአገሪቱ እህል ስለ ጠፋ ብቻ አልነበረም፤ የባላገሩ የመግዛት ዐቅም ስለ ወደቀ፣ በዚያው ጎዳና ከወሎ እህል ወደ ውጭ ይጫን ነበር። ኀዘኑ የአንድ ቤት ሲሆን መቶ ቤት ይደርሳል፤ ኀዘኑ የመቶ ቤት ሲሆን ግን ማን ለማን ይጋግራል? ብድር የሚመልስ የለም፤ የቅሬ ሕግ እዚህ ላይ ይቆማል። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ሕግ፣ ማለት ለማያውቁት ሰው መስጠት ነበር፤ እሱም ከነዳይ ድርሻ የሚሰፋበት ሥርዐት አልነበረውም። መንግሥትም ነገሩን ሸሸገ፤ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ፊልሙን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው ዓለም ያወቀው።

ነገር ግን ቅሬ በረኃብ ፈጽሞ ጠፋ ማለት አይቻልም። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ተነሥተው በወለጋ ቄቶ የሰፈሩት ሰዎች፣ ከተለያየ መንደር የመጡ ሆነው ሳለ እንደገና ቅሬ እንዳቆሙ አሉላ ፓንክረስት ስለ ሠፈራው በጻፈው መጽሐፍ ተርኳል። ጎረቤት የነበረው ተበትኖ አዲስ ጎረቤት ሲገኝ ሥርዐቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ሁለተኛውን ሕግ በተቋም ለማቆም ከቻሉት ሴቶች መካከል ስማቸው ሊነሣ የሚገባው ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ አምባሰል በሄዱ ጊዜ ረኃቡን አይተው ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ የሕፃናቱ ቁጥር ከሃያ አለፈ። በኋላ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ከዚያ በቀለ። እሳቸውም በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። መነሻው ሳሎንና ሹመት ሳይሆን የመንገደኛ ሰደቃ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያው ዘመን የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ግን ከቀበሌ እስከ አገር የተዘረጋ ሲሆን፣ መዋጮው በትእዛዝ ስለ ነበር ከመንግሥቱ ጋራ ወደቀ።

ከዚህ ወዲህ የመጡት የሴቶች ማኅበራት በአብዛኛው በውጭ ርዳታ የቆሙ ናቸው። የአዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት ከገቢው ከመቶ ዐሥሩን ብቻ ከውጭ እንዲቀበል በወሰነ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታግዶ ሥራው እጅግ ተዳከመ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል። አዋጁን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁንና የተደበደቡ ሚስቶችን ያለ ክፍያ ሲያማክር የኖረው ማኅበር፣ ያማከራቸው ሴቶች አባል የሆኑባቸው ሺሕ ዕድሮችና ቅሬዎች ለምን አልደገፉትም የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣት ነበረበት። ዕድር ከቀብር ወዲያ መሄድ እንደሚችል ከዚያ በፊት ታይቷልና፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ሕጋቸውን አሻሽለው የኤድስ ሕሙማንንና ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። ለሞተው የሚከፈለው ለታመመውም ይከፈል የሚል ክርክር አሸንፎ ነበር።

በአሜሪካ አገር በሲንሲናቲ ከተማ ዌንዲ ስቲል እ.ኤ.አ. በ2001 ኢምፓክት 100 የተባለውን ማኅበር ስትመሠርት አሳቡ ቀላል ነበር፤ መቶ ሴቶች እያንዳንዳቸው 1000 ዶላር ያዋጣሉ፤ የተሰበሰበውን 100,000 ዶላር በድምፅ ለመረጡት የአካባቢ በጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣሉ። በውጭ አገር የተማረ ሰው ይህን እንደ አዲስ ግኝት ለማምጣት ይቸኩላል። መቶ ሴቶች በአንድነት ማዋጣታቸው ግን ለሲሪንቃ አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆነው ድምፅ መስጠቱ፣ ማለት የተዋጣው ለማን ይሁን ብለው ሴቶቹ ራሳቸው ከአባላት ውጭ ላለ ተቋም መፍረዳቸው ነው። በቅሬ ተቀባይን የሚመርጠው ሞት ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና ሐብሩን ሲይዝ ባንክ ተዘጋ፤ ገበያ ፈረሰ፤ ብዙ ሰው ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ ተሰደደ። እንዲህ ባለው ጊዜ ገንዘብ ሥራ ይፈታል፤ የሚሠራው ዱቄት፣ እንጨትና ውኃ ነው። ስለዚህ የቅሬን ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ ከአባወራ መዝገብ ቢጀምር ግማሹን እንኳ አያገኝም። በማን ኀዘን ማን ስንት እንጀራ እንዳመጣች፣ ማን ሦስት ሌሊት እንዳደረች፣ ማንስ ብድሯን እንዳልመለሰች ሴቶቹ በቃላቸው ይይዙታል፤ ይህም ተጠይቆ ሊጻፍና ሊቆጠር የሚችል ነገር ነው። ጠያቂዋ ሴት ብትሆን ይሻላል፤ ወንድ እንግዳ የሚቀመጠው በድንኳኑ ሥር ከሽማግሌዎች ጋራ እንጂ ጭሱ ካለበት ከጓዳ አይደለምና።