የዊልያም ራይስ ሞትና ኑዛዜ

ሰው በሕይወቱ ሳለ ስለ ገንዘቡ ራሱ ይናገራል፤ ከሞተ በኋላ ግን የሚናገርለት ወረቀት ነው። ወረቀቱ እውነተኛ የሆነ እንደ ሆነ የሟቹ ፈቃድ ይፈጸማል፤ ሐሰተኛ የሆነ እንደ ሆነ ግን የሟቹን ፈቃድ በስሙ ሌላ ሰው ይሽረዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ በ1900 ዓ.ም. የሞተውን የዊልያም ማርሽ ራይስን ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው ይገንዘብልን።

ራይስ በ1816 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ ተወለደ። የ22 ዓመት ጎልማሳ ሲሆን ወደ ቴክሳስ ሄዶ ገና በመቈርቈር ላይ በነበረችው በሂውስተን ከተማ ንግድ ጀመረ። ጥጥ እየገዛ ሸጠ፤ ገንዘብ አበደረ፤ መሬት ገዛ፤ በምድር ባቡርም ሥራ ገባ። በ1860 ዓ.ም. ሀብቱ 750 ሺሕ ዶላር ያህል ተገምቶ ነበር። ከዚሁ ሀብት ውስጥ 15 ባሪያዎች እንደ ንብረት ተቈጥረው ተመዝግበዋል። ይህን ሳንጠቅስ ብናልፍ ታሪኩን በግማሽ እንደ ተናገርን ይቈጠራል፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ራይስ ሁለት ጊዜ አግብቶ ልጅ አልወለደም። ስለዚህ በ1891 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ በሀብቱ በሂውስተን ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ቻርተር አስጻፈ፤ የሚጠብቁለትንም ባላደራዎች ሰየመ። በ1896 ዓ.ም. በጻፈው ኑዛዜም ከሀብቱ የሚበልጠውን ክፍል ለዚሁ ትምህርት ቤት ተናዘዘ። የክርክሩ ሥር ግን በዚያው ዓመት ተተከለ። ሁለተኛዋ ሚስቱ ስትሞት፣ እሱ ሳያውቅ ኑዛዜ ጽፋ ኖሮ፣ በቴክሳስ ሕግ መሠረት የባልና የሚስት የጋራ ሀብት እኩሌታ የእሷ ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ራይስ በበኩሉ ነዋሪነታችን በኒውዮርክ ነው፤ የቴክሳስ ሕግ አይመለከተንም ብሎ ተከራከረ።

አልበርት ፓትሪክ የሚባለው ጠበቃ ወደዚህ ታሪክ የገባው በዚህ በር ነው። የሚስቲቱ ኑዛዜ አስፈጻሚ፣ ራይስ የቴክሳስ ነዋሪ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ በኒውዮርክ እንዲፈልግለት ፓትሪክን ቀጠረው። ፓትሪክም ማስረጃ ሲፈልግ ከሽማግሌው ጋር በአንድ ቤት የሚኖረውን ብቸኛ አሽከር፣ ቻርልስ ጆንስን፣ ወዳጅ አደረገ። ራይስ በዚያን ጊዜ 80 ዓመት ያለፈው፣ ዘመድ በአጠገቡ የሌለው፣ ደብዳቤውንም ሁሉ በዚሁ አሽከር የሚያስጽፍ ሰው ነበር። የሀብታም ሰው ብቸኝነት ለሌባ የተከፈተ ቤት ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ በ1900 ዓ.ም. ተጻፈ የተባለ አዲስ ኑዛዜ ተዘጋጀ። ኑዛዜው ለትምህርት ቤቱ የተተወውን ሀብት አብዛኛውን ወደ ፓትሪክ የሚያዞር ነበር። የራይስ ዘመዶች ግን በቀድሞው ኑዛዜ ከተመደበላቸው የሚበልጥ እንዲያገኙ ተደርጓል። ይህም በብልኀት የታሰበ ነው፤ ወራሾች ሁሉ አንድ አንድ ጉርሻ ካገኙ ለተቃውሞ የሚነሣ አይኖርም ተብሎ ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 8 ቀን ታላቅ አውሎ ነፋስ የጋልቬስተንን ከተማ አጥፍቶ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ፈጀ። በሂውስተን የነበረው የራይስ የጥጥ ፍሬ ዘይት ፋብሪካም ጉዳት ስለ ደረሰበት ለማደሻ ብዙ ገንዘብ ተጠየቀ፤ ራይስም በባንክ ካለው ጥሬ ገንዘብ ለመላክ አሰበ። ገንዘቡ ወደ ቴክሳስ የሄደ እንደ ሆነ ለፓትሪክ የሚቀረው ያነሰ ነው። በክሱ እንደ ተነገረው ሞቱን ያፋጠነው ይህ ነገር ነው። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1900 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ፣ ራይስ በማዲሰን ጎዳና በነበረው መኖሪያ ቤቱ በ84 ዓመቱ ሞተ።

በማግስቱ አንድ የ25 ሺሕ ዶላር ቼክ ወደ ባንክ ቀረበ። ቼኩ ላይ የተቀባዩ ስም «አልበርት» በመባል ፈንታ አንድ ፊደል ጐድሎት «አበርት» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በጀርባው ያለው ፊርማ ግን በትክክል ተጽፏል። የባንኩ ጸሓፊ ይህን አይቶ ተጠራጠረና ወደ ራይስ ቤት ስልክ ደወለ። አሽከሩ በመጀመሪያ ቼኩ ትክክል ነው አለ፤ ጌታህን አነጋግረን ተብሎ ሲያዝ ግን ጌታዬ ሞቷል ብሎ መለሰ። ወሬው ወዲያው ለፖሊስና በሂውስተን ላሉት ባላደራዎች ደረሰ። ስለ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ሀብት የታሰበው ነገር ሁሉ በአንዲት ፊደል ግድፈት ፈረሰ። ሥራውን በጥንቃቄ የሚሠራ አንድ ጸሓፊ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ፓትሪክ አስከሬኑ በፍጥነት እንዲቃጠል የሟቹ ፈቃድ ነው የሚል ደብዳቤ ይዞ ነበር። ነገር ግን የማቃጠያው ምድጃ እስኪግል አንድ ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ እስከዚያ ድረስ አስከሬኑ እንዳይበላሽ መድኃኒት ተወጋ። ቀጥሎም በፖሊስ ትእዛዝ በሐኪሞች ተመረመረ። በሆድ ዕቃው ሜርኩሪ ተገኘ፤ ሳንባውም ደም ቋጥሮ ታየ። ፓትሪክና ጆንስ በኦክቶበር ወር ተያዙ። ጆንስ በእስር ቤት ጉሮሮውን በቢላዋ ቈርጦ ራሱን ለመግደል ሞከረ፤ ከዳነም በኋላ ቃሉን ሰጠ።

እንግዲህ ያልተፈታው ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ጆንስ በመጀመሪያ ገዳዩ ፓትሪክ ነው አለ፤ ኋላ ደግሞ ቃሉን ለውጦ፣ ሽማግሌው እንደ ተኛ ክሎሮፎርም የነከርሁበትን ስፖንጅ በፎጣ ጠቅልዬ ፊቱ ላይ ያደረግሁ እኔ ነኝ፤ ያዘዘኝ ግን ፓትሪክ ነው አለ። ገደልሁ ያለው ሰው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ሳይከሰስ ነጻ ወጣ፤ በሞት ጊዜ በቤቱ ያልነበረው ፓትሪክ ግን በማርች 1902 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ ሞት ተፈረደበት።

ስለ ሳንባውም ሐኪሞች ሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ደም መቋጠሩን ያመጣው ክሎሮፎርም ነው አለ። ሌላው ወገን ግን አስከሬኑ ላይ የተወጋው መድኃኒት ይህንኑ ምልክት ሊያመጣ ይችላል፤ ሰውዬውም ዕድሜው የገፋና የታመመ ስለ ነበረ በተፈጥሮ ሞት ሊሞት ይችላል አለ። በ1905 ዓ.ም. የኒውዮርክ የበላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን ቢያጸናም ከሰባቱ ዳኞች ሦስቱ ተለይተዋል። በ1906 ዓ.ም. የሞቱ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ1912 ዓ.ም. ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ገዥ ጆን ዲክስ ለፓትሪክ ፍጹም ምሕረት አደረገለት። ፓትሪክ በ1940 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ በነጻነት ኖረ። ጆንስም በ1954 ዓ.ም. በቴክሳስ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

እኛ ስንመለከተው በዚህ ነገር ሁለት ጉዳዮች ተደባልቀው ይገኛሉ። የመጀመሪያው የሰነዱ ሐሰተኛነት ነው። በ1900ው ኑዛዜ ላይ ያሉት አራት ፊርማዎች ሲነባበሩ አንዱ ካንዱ ልክ ለልክ ገጠሙ። ማንም ሰው ስሙን አራት ጊዜ ቢጽፍ በጥቂቱም ቢሆን ይለያያልና፣ ይህ ከአንድ ፊርማ ላይ ተገልብጦ የተቀዳ ለመሆኑ ጽኑ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤቶች ይህን ኑዛዜ ጥለው የ1896ውን አጸደቁ። ሁለተኛው ጉዳይ ግድያው ነው። ይህ የቆመው ቃሉን በለዋወጠ በአንድ ግብረ አበርና በሚያከራክር የሐኪም አስተያየት ላይ ነው። ኑዛዜ የቀጠፈ ሰው ገዳይም ሳይሆን አይቀርም ብሎ ማሰብ ለማንም ቀላል ነው፤ ነገር ግን መጠርጠር ሌላ፣ ማረጋገጥ ሌላ ነው። የአንደኛው ወንጀል ብርቱ ማስረጃ የሁለተኛውን ደካማ ማስረጃ ተሸክሞት ሄደ ብንል ነገሩን የሚገልጸው ይመስለናል። ይህን ስንል ፓትሪክን ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም፤ ምሕረትም ቢሆን ከወንጀሉ ነጻ ነው የሚል የፍርድ ቤት ቃል አይደለም።

ሀብቱ ግን መንገዱን አገኘ። የሚስቲቱ ኑዛዜ ክርክር በስምምነት አለቀ፤ በ1904 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን ተኩል ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ለባላደራዎቹ ተረከበ። ትምህርት ቤቱም በ1912 ዓ.ም.፣ ራይስ በሞተ በ12ኛው ዓመት፣ በሞተበት ዕለት በሴፕቴምበር 23 ቀን ተከፈተ። ተማሪዎች ያለ ክፍያ ይማሩበት ነበር። ዛሬ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠራው ይህ ነው።

ቀደም ብለን ስለ ባሪያዎቹ ያነሣነው ነገር እዚህ ላይ ይመለሳል። በቻርተሩ የትምህርቱ ዕድል ለነጮች ብቻ ተብሎ ተወስኖ ነበር። ሀብቱን በጉልበታቸው ከረዱት መካከል የነበሩት ሰዎች ልጆች ከደጁ ውጭ ቀሩ ማለት ነው። በ1963 ዓ.ም. ባላደራዎቹ ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ይህ ቃልና ክፍያ የሚከለክለው ቃል ትምህርት ቤቱ ታላቅ እንዲሆን ከሚፈልገው ከመሥራቹ ዋና አሳብ ጋር ስለማይስማሙ ይለወጡልን አሉ። ከቀድሞ ተማሪዎች አንዳንዶቹ የሟች ቃል አይነካም ብለው ተቃወሙ፤ በ1964 ዓ.ም. ግን ለባላደራዎቹ ተፈረደላቸው።

እንግዲህ የአንድ ሰው ፈቃድ ሁለት ጊዜ ለፍርድ ቀረበ ማለት ነው። ፓትሪክ በሥውር በተቀዳ ፊርማ ሊለውጠው ሞከረ፤ ባላደራዎቹ በአደባባይ፣ ምክንያታቸውን ተናግረው፣ ተቃዋሚም ተሰምቶ አስለወጡት። የመጀመሪያው ስርቆት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሕያዋን ለሟች አደራ የሚሰጡት ትርጓሜ ነው። የሟች አደራ ያለባቸው ሰዎች፣ በመዝገብ ቤትም ሆነ በፍርድ ወንበር፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በቤተ ዘመድ፣ ይህን ልዩነት ቢያስተውሉት ይጠቅማቸዋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል ያገራችን ሰው። የኑዛዜው እውነት በርግጥ እያደር ጠርቷል። በዚያች እሑድ በሽማግሌው መኝታ ቤት የሆነው ነገር ግን፣ ራይስም ፓትሪክም ጆንስም ይዘውት ስለ ሄዱ፣ ሳይነጋለት ቀርቷል። አስከሬኑ ተቃጥሏል፤ ዐመዱም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያርፋል። ዳኛ ሊፈርድ የሚችለው በቀረበለት ማስረጃ ልክ ነውና፣ ማስረጃው ባለቀበት ቦታ እኛም ፍርዳችንን ማቆም ይገባናል።